የሳይታችን ልጆች መጫወቻ፦ አዲስ ሸርተቴ ከመግዛታችን በፊት ምክር እፈልጋለሁ

የብሎክ 9 እናት (እሑድ ምሽት)

እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳር ካሉት የ20/80 ኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጠይቃችሁ የመጣሁት በብሎክ 7፣ 8 እና 9 መሀል ስላለችው የልጆች መጫወቻ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት በየቤቱ ተዋጥቶ አንድ ሸርተቴና ባለ ሁለት መቀመጫ ዥዋዥዌ አስተክለን ነበር። የተከፈተ ቀን ዳቦ ተቆርሷል፣ ቡና ተፈልቷል። ዛሬ ዥዋዥዌው ወደ ብሎክ 8 አዘንብሏል። አንዱ መቀመጫ ጠፍቶ ሰንሰለቱ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ አግዳሚው ላይ ምንጣፍ ይሰጣበታል። ባዶው ቦታ ላይም መኪና ማሳደር ተጀምሯል፤ ይውጡ እየተባለ ነው። የሸርተቴው ላሜራ ታች ጫፉ ላይ ከብየዳው ለቅቆ እንደ ምላስ ወደ ላይ ተቀልብሷል። ከሦስት ሳምንት በፊት የስድስት ዓመቱ ልጄ በዚያ ጠርዝ ባቱን ተሰንጥቆ ሰባት ቦታ ተሰፋ። ከላይ ሆኜ ጩኸቱን ስሰማ የእኔ መሆኑን በድምፁ ለየሁት፤ አራት ፎቅ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ነጠላዬን ጠምጥሜበት ነው ጤና ጣቢያ ያደረስኩት።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ደረጃ ላይ ናቸው። ወንዶቹ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መሀል ባለችው ማረፊያ ብይ ይጫወታሉ። ሴቶቹ መኪና ማቆሚያው ላይ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ ያሰምራሉ፤ ማታ መኪና ሲገባ መስመሩ ጎማ ስር ይቀራል። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው የሚውሉት።

የማህበሩ ኮሚቴ «አዲስ ሸርተቴ እንግዛ፣ ፕላስቲክ ይሁን» እያለ ነው። እኔ ግን ምን እንደተሳሳትን ሳናውቅ ሌላ ብናስተክል ከሁለት ክረምት በኋላ እዚሁ ተመልሰን እንዳንገናኝ እሰጋለሁ። የሠራችሁበት ወይም የምታውቁት ካለ ንገሩኝ።

በያጁ (እሑድ ምሽት)

እህቴ፣ ልጁን ይማርልሽ። ሁለት ነገር ንገሪኝ። ዥዋዥዌው የተተከለበት ጉድጓድ ምን ያህል ይጠልቃል? አፈሩስ ጥቁር ነው ቀይ?

የብሎክ 9 እናት (እሑድ ምሽት)

አሜን። ጥቁር ነው። ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር መረሬ፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጉድጓዱን የቆፈረው ጥበቃችን ነው፤ ጠይቄው «ከጉልበቴ በታች ነበር» ብሎኛል።

በያጁ (እሑድ ምሽት)

እንግዲህ ያዘመመው ለዚህ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ከበጋ እግሩን አንዴ ይገፋዋል፣ አንዴ ይለቀዋል፤ ጥልቀት የሌለው አርማታ እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል። እኔ ጥቁር አፈር ላይ ከ80 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ጉድጓድ ዥዋዥዌ አልተክልም፤ ታቹንም ሰፋ አስደርጌ ነው የማስቆፍረው። የአርማታው አናት ደግሞ ከመሬቱ በታች ይቀበር። ብዙ ቦታ ብቅ ብሎ ይተዋል፤ ልጅ ሲወድቅ ጭንቅላቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሸርተቴውን ሳላየው መናገር ይከብደኛል፤ ግን እንዳልሽው ከሆነ ላሜራው ከላይ በነጥብ በነጥብ ብቻ ተይዞ የተተወ ነው። ላሜራ ተቆርጦ ጠርዙ በጥሬው አይተውም። ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ይታጠፋል፣ ቱቦውን አቅፎ ከስሩ ይበየዳል፤ ታች ጫፉም ተጠቅልሎ ነው የሚያልቀው። የቱቦላሬው አፍ ክፍት ከሆነ ደግሞ ዝናብ ይገባና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ እንዳማረ ቆሞ አንድ ቀን ይቆረጣል። አፉን በቁራጭ ላሜራ መድፈን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አሠሪ ስለማይጠይቅ ነው የሚቀረው። እናንተ ጠይቁ።

የተቀለበሰውን ጠርዝ ግን ነገ ጠዋት አስቆርጡት። ለእሱ ስብሰባ አያስፈልገውም።

የሳይት መሐንዲስ (ሰኞ ጠዋት)

በያጁ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከብረቱ በፊት ውሃውን እጠይቃለሁ። ከሦስቱ ብሎኮች ጣሪያ በአሸንዳ የሚወርደው ዝናብ የት ነው የሚፈሰው?

የብሎክ 9 እናት (ሰኞ ምሳ ሰዓት)

ወርጄ አየሁት። የብሎክ 8 ሁለት መውረጃ ቱቦዎች መሬት ሳይደርሱ ተቆርጠው አፋቸው ወደ መጫወቻው ነው። ከስራቸው ውሃው የቦረቦረው ጉድጓድ አለ፤ እስከ ዥዋዥዌው እግር ድረስ ቦይ አውጥቷል። አምስት ዓመት ሙሉ በላዩ እየተራመድኩ አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ጠርዙ ዛሬ ጠዋት ተቆርጧል። ላሜራውን እጄ ላይ ይዤው ነው የምጽፍላችሁ፤ አንድ ስንዝር ይሆናል።

የሳይት መሐንዲስ (ሰኞ ምሽት)

በሐምሌ አንድ ዶፍ ሲጥል የግማሽ ብሎክ ጣሪያ ውሃ እዚያ እግር ስር ይደፋል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የትኛውም ሸርተቴ አይቆይም። የምመክራችሁ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ቱቦዎቹን አስረዝሙና ውሃውን በተቀበረ ፒቪሲ አሳልፋችሁ የመንገዱ ቦይ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ላይኛውን ጥቁር አፈር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርጋችሁ አውጡ። በምትኩ ገረጋንቲ በሁለት ንብርብር ይግባ፤ ውሃ እየተርከፈከፈበት ይጠቅጠቅ። አንድ ጊዜ ደፍቶ ላይ ላዩን መምታት አይሠራም፣ ውስጡ ልል ሆኖ ይቀራል። መሬቱ በየአንድ ሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ መንገዱ ያዘንብል። ለዓይን ሜዳ ይመስላል፣ ውሃ ግን አይተኛበትም።

ይህን ሁሉ ከግንቦት በፊት ጨርሱ። ክረምት ከገባ መረሬ ውስጥ ሲኖትራክ አታስገቡም።

ሲስተር (ሰኞ ምሽት)

የአጥንት ክፍል ነርስ ነኝ። ገረጋንቲው ጥሩ ነው፤ ግን ዥዋዥዌና ሸርተቴ ስር ብቻውን እንዳትተዉት እለምናችኋለሁ። ኮብልስቶንማ ጨርሶ አይታሰብ። ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ነው መሬት የሚቀበለው። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባሉት ላይ አብዝተን የምናየው ከክርን ከፍ ብሎ ያለውን አጥንት ስብራት ነው። የሚወድቁት ከፎቅ አይደለም፤ ከአልጋ፣ ከአጥር፣ ከዥዋዥዌ ነው። ከዚያ ወጌሻ ጋ ይወሰዳሉ። እጁ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ደም መዘዋወር ያቆማል፣ እኛ ጋ ሲመጡ ጣቶቹ ጠቁረዋል። እጅ እስከ መቁረጥ የደረሰበት አለ። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታና ወደ ሐኪም ይሮጣል። ከርዕሱ ወጣሁ፤ ግን እናቶች ስለምታነቡት መጻፍ ነበረብኝ።

ወደ መሬቱ ልመለስ። ልጅ ከ1 ሜትር ከ20 ከሚወድቅበት ነገር ስር ቢያንስ 23 ሴንቲ ሜትር ልል አሸዋ ይኑር። ዥዋዥዌ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ስለሚወረውር ሰንሰለቱ የተንጠለጠለበት አግዳሚ ከመሬት ያለውን ከፍታ እጥፍ ከፊትም ከኋላም ባዶ ያስፈልገዋል። አግዳሚው 2 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ከፊት 4 ሜትር፣ ከኋላ 4 ሜትር ማለት ነው። በመሰላሉም በአጥሩም በብረት መሀል የሚተዉት ክፍተቶች ከ9 ሴንቲ ሜትር ይጥበቡ ወይም ከ23 ይስፉ። በዚህ መሀል ያለ ክፍተት የልጅ ገላ ያሳልፋል፣ ጭንቅላት ግን ይይዛል።

በያጁ (ሰኞ ምሽት)

ሲስተር፣ 9 እና 23ን አላውቅም ነበር። የሠራኋቸውን መሰላሎች ስንት ስንት እንደተውኩ ነገ እየዞርኩ እለካለሁ።

የብሎክ 8 ሹፌር (ማክሰኞ ሌሊት)

የዚሁ ሳይት ነዋሪ ነኝ፤ ስለማን እንደምታወሩ ገብቶኛል። ምንጣፉ የኛ ቤት ነው፣ ይነሳል። ግን እኔም ያለብኝን ልንገራችሁ። ታክሲ ነው የምሠራው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ስገባ ማቆሚያ የለም። መንገድ ዳር ባሳደርኩበት ሳምንት ሁለቱንም ስፖኪዮ ፈትተው ወሰዱብኝ። የልጆቼ እንጀራ ያቺ መኪና ናት። መጫወቻው የፈረሰ ጊዜ አንድ ሰው ገባ፣ ሁለተኛ ገባ፣ እኔም ገባሁ። አሁን በየትኛው ሕግ ነው ውጡ የምትሉን?

ጡረተኛው የብሎክ 7 (ማክሰኞ ጠዋት)

ልጄ፣ ስለ ሕጉ እኔ ልመልስልህ፤ የማህበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሲረቀቅ ነበርኩ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ቤትህ የግልህ ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው ግን የጋራ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የባለቤቶች ማህበር ነው። ስለዚህ ቦታዋ የኮሚቴውም አይደለችም፣ ቀድሞ የቆመበትም አይደለችም። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ተነጋግረንበት፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የዛሬ አምስት ዓመት ቃል ብቻ ነበር፤ ቃል ደግሞ ሰው ቤቱን ሸጦ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሳይታችን ለቅሶ ሲደርስ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ባለቤቴን የሸኘሁት ከዚያ ነው። መሀሉን በብረት ከሞላችሁት የሚቀጥለው ሰው ድንኳኑ የት ይተከልለታል? ልጆች አይጫወቱ አልልም። እኛ በእነሱ ዕድሜ ያለ ምንም መሣሪያ አባሮሽ፣ አኩኩሉ፣ ቅልብልቦሽ ስንጫወት ነው ያደግነው። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሰፊ ባዶ መሬት ነበር።

የብሎክ 9 እናት (ማክሰኞ ምሽት)

ጋሼ፣ የድንኳኑን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። እዚያ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን እንጀራ ሳቀርብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ከመሐንዲሱ ጋር በወረቀት አየነው። ዥዋዥዌውና ሸርተቴው በብሎክ 7 ጎን፣ ጥላ በሚያርፍበት ጥግ ቢሄዱ መሀሉ ባዶ ይቀራል። ዘወትር የልጆች ሜዳ ይሆናል፤ የከፋ ቀን ሲመጣ ድንኳኑ ይገባበታል። ለችካሉ ስድስት ቱቦ ከመሬቱ እኩል ቀብረን፣ ክዳን እናደርግላቸዋለን።

ሸርተቴው ጥላ ውስጥ መሆኑም ደግ ነው። በየካቲት ፀሐይ ላሜራው የልጅ ቁርበት ያቃጥላል።

ወንድሜ የብሎክ 8፣ ስፖኪዮህ በመወሰዱ አዝኛለሁ። በመንገዱ በኩል ያለው ማቆሚያ መስመር የለውም፤ ሰው አግድም እያቆመ የሁለቱን ቦታ አንዱ ይይዘዋል። መስመር ቢቀባና የጥበቃው ማረፊያ ወደዚያ ቢዞር ስንት መኪና እንደሚጨምር አብረን እንለካ?

የብሎክ 8 ሹፌር (ረቡዕ ሌሊት)

እንለካ። ጥበቃው ካልዞረ ግን እኔ መኪናዬን አላወጣም። ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁ።

አባት ከጀሞ (ረቡዕ ጠዋት)

እኛ ብሎክ ጋ የተሠራው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የሆነውን ልንገራችሁ። አብዛኛው አሮጌ ጎማ ነው። ጎሚስታዎች የማይጠገነውን በነፃ ይሰጣሉ። ግማሹን ቀብረን መዝለያ አደረግነው፣ የተረፈውን አስተኝተን የአሸዋ ገንዳ። ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ጎማውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሽቦው የወጣ ከሆነ ተዉት። ቆመው ለሚቀሩትና ለሚንጠለጠሉት ታቻቸውን በትሬፓን ብሱት። ካልበሳችሁት ውስጡ ውሃ ያቁርና ትንኝ ይፈላበታል፤ የመጀመሪያው ክረምት ላይ እኛ የተማርነው በዚህ ነው።

አሸዋውን ማታ ማታ በሸራ እንሸፍነዋለን፣ አለበለዚያ የድመት መጸዳጃ ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ በሬክ ይገለበጣል፤ ዝናብ የጠቀጠቀው አሸዋ ድንጋይ ነው።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ልጆቹን መጠየቃችን ነው። እኛ ሸርተቴ ይላሉ ብለን ጠበቅን። ትንንሾቹ ያሉት «ቤት» ነው፤ እቃቃ የሚጫወቱበት፣ የሚደበቁበት። ከጣውላ ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ሠራንላቸው፤ አራተኛው ጎን ክፍት ነው፣ ከየፎቁ እንዲታዩ። ከሸርተቴው ይልቅ ሰው የማይጠፋው እሷ ጋ ነው። ቆርኪ ብር ሆኖ፣ የጎመን ቅጠል ክትፎ ሆኖ ይውላል።

ያልተጠየቀች (ረቡዕ ከሰዓት)

የ13 ዓመት ልጅ ነኝ፣ በእናቴ ስልክ ነው የምጽፈው። ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እኛ ጋ መጫወቻ አለ ግን ትልልቅ ወንዶች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሱዚ ስንዘረጋ ገመዱን ይረግጡብናል። ኳሱ አንዴ እህቴን ፊቷን መታት። ዥዋዥዌው ላይም ይቀመጣሉ። ለሴቶችም የሚሆን ቦታ ይኑር። መቀመጫም አድርጉ፣ እኛ ማውራትም እንወዳለን።

የብሎክ 9 እናት (ረቡዕ ምሽት)

የኔ እመቤት፣ ስለ ጻፍሽልን አመሰግናለሁ። ለጉባኤው ያልሽውን ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ።

የመንታ እናት (ሐሙስ)

አንዷ ልጄ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ወንድሟ ሲወርድ እሷ መስኮት ላይ ትቀራለች። መግቢያው ላይ ያቺን አንድ ስንዝር የኮብልስቶን ጠርዝ አፍርሳችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ከመግቢያው እስከ አሸዋው ገንዳ ድረስም የተጠቀጠቀ መንገድ ይኑር። አንዱን ጎማ በሁለት ጎማ ቁመት ከፍ አድርጋችሁ አሸዋ ብትሞሉት ተቀምጣ ትደርስበታለች። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

በያጁ (ሐሙስ)

የሷን እኔ በነፃ እሠራለሁ። ጠረጴዛ አድርጌ፣ ጉልበቷ ከስር የሚገባበት፤ ቁመቱን ብቻ ለክተሽ ላኪልኝ።

የብሎክ 9 እናት (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ይህን ሁሉ መክራችሁኝ ዝም ማለት ነውር ነው፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጉባኤው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሰው ባለመሟላቱ ተበተነ። ሦስተኛው ላይ የኛ ጋሼ በየብሎኩ በር እያንኳኩ ሰው አወረዱ። አዲስ ሸርተቴ አልተገዛም። የነበረው ተነቅሎ፣ ላሜራው ወጥቶ፣ ጠርዙ ታጥፎ ከስር ተበየደ፤ ቱቦዎቹ ሁሉ አፋቸው ተደፍኗል። ለፕላስቲኩ የታሰበው ብር ቱቦ መቅበሪያና ገረጋንቲ ሆነ። አንዳንዱ ሰው ተቆጥቷል፤ «ብራችን አፈር ውስጥ ገባ» ይላል። እውነት ነው፣ አፈር ውስጥ ነው የገባው። ለማስረዳት ሞክሬ ያልተቀበሉኝ አሉ።

ጥቁሩን አፈር ያወጣነው በሁለት ቅዳሜ ነው። ወጣቶቹ ባይኖሩ አይሆንም ነበር። ለኳስ ደግሞ ከትራንስፎርመሩ ማዶ ያለውን ጥግ ጠርገው ሁለት ፌሮ ጎል ተክለዋል። ሱዚ የሚዘረጋበት ጎን በአግዳሚ ወንበር ተለይቷል። የዊልቸሩ መግቢያ ተስተካክሏል፤ ጠረጴዛዋን በያጁ ራሱ ጭኖ አመጣት። በመጀመሪያው ቀን ያቺ ልጅ እስከ ክርኗ አሸዋ ውስጥ ገብታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንንም አላናገረችም።

የጥበቃው ማረፊያ ዞሯል፣ መስመር ተቀብቷል፤ አምስት መኪና ጨምሯል። ሹፌሩ ወንድማችን ቃሉን ጠብቆ አውጥቷል። ሌላ አንድ መኪና እስካሁን እዚያው ነው። ባለቤቱ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ስለሚኖር አላገኘነውም፤ በዙሪያው እየተጫወቱ ነው።

ትናንት የግንቦት ዝናብ ጣለ። ከላይ በመስኮት ቆሜ አየሁት። ካባራ በኋላ ቡና እስኪፈላ መሬቱ ላይ የነበረው ውሃ ሄዶ አልቋል። ከሸርተቴው ስር ብቻ፣ ልጆቹ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ተቦርቡሮ ትንሽ ኩሬ ቀርቷል፤ እዚያ አሸዋ እንጨምራለን። ልጄ ጠባሳውን ለሰው ሁሉ እያሳየ ነው። ሸርተቴው ላይ ለመውጣት ግን አሁንም ጎኑ እንድቆም ይፈልጋል፤ እቆማለሁ።

የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቡሎኖቹን እያየን እናጠብቃለን። የ17 መፍቻ ያለው የሳይታችን ሰው ይዞ ይውረድ፣ የኛው ጠፍቷል።